ትከሻቸው የተቆረጠ መርከቦች

የጭነት መርከብ ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው ነገር ተመሳሳይ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ላዩ ጠፍጣፋ፣ ጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ የቆመ ትልቅ ብረት። ከ130 ዓመት በፊት ግን እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ከዚህ በጣም የራቁ የእንፋሎት መርከቦች ይሠሩ ነበር። የአንዳንዶቹ ጎን ከውሃው ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ መሐሉ ላይ ሲደርስ እንደገና ቀጥ ብሎ ይወጣል። ትከሻቸው ተቆርጦ የተወሰደ ይመስላል። ሌሎቹ ደግሞ ጭራሽ ጠፍጣፋ የሚባል ነገር የላቸውም። ጭነት ሲሞሉ ከውሃው በላይ የሚታየው ክብ ጀርባቸው ነው።

እነዚህ መርከቦች የአንድ ሰሞን ሙከራ አልነበሩም። ሁለቱ ዓይነቶች አንድ ላይ ከ200 በላይ ተሠርተዋል፤ ባለቤቶቻቸውም ለዓመታት ነግደውባቸዋል። ቅርጻቸውን የወሰነው ባሕሩ ብቻ አይደለም። የመርከብ መለኪያ ሕግና የቦይ መተላለፊያ ክፍያም የባሕሩን ያህል ወስነውታል። ይሄ ሲገባን ቅርጹ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። (እዚህ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መርከብ የሚከፍለው በምን ተለክቶ ነው?

መርከብ ወደብ ሲገባ ይከፍላል። ቦይ ሲያልፍ ይከፍላል። ጠረፍ ላይ ለቆመው መብራት ቤትም ይከፍላል። ጥያቄው ምን ተለክቶ ይከፈል የሚለው ነው። እንግሊዝ በ1854 ያወጣችው ሕግ መርከቡን የሚለካው በጭነቱ ክብደት ሳይሆን በውስጡ ባለው የተዘጋ ቦታ ነው። 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ኪዩቢክ ሜትር፣ አንድ የመዝገብ ቶን ተባለ። ከጠቅላላው ላይ የሞተሩ ክፍልና የመርከበኞቹ ማደሪያ ሲቀነስ የተጣራው ልክ ይገኛል። ክፍያው በአብዛኛው የሚሰላው በዚህ በተጣራው ነው። በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይም በ1873 ቁስጥንጥንያ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ የራሱ መለኪያ ወጣለት። የእሱም መሠረት ያው የተዘጋ ቦታ ነበር።

መርከቡ ስንት ይጫን የሚለው ግን የክብደት ጉዳይ ነው። የፓርላማ አባሉ ሳሙኤል ፕሊምሶል ከልክ በላይ በተጫኑ መርከቦች ስለሚያልቁት መርከበኞች ለዓመታት ተሟገተ። በ1876 የእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ጎናቸው ላይ የጭነት መስመር እንዲቀቡ በሕግ ታዘዘ። መስመሩ ውሃ ውስጥ ከገባ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ መስመሩ የት ይቀባ የሚለው ለባለቤቱ የተተወ ነበር። ይሄ ደግሞ ሕጉን ጥርስ አልባ አድርጎት ቆየ። በ1890 ነው ቦታውም በሕግ የተወሰነው።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ እናስቀምጣቸው። ጥጥ ወይም ሻይ የሚጭን መርከብ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። የብረት ማዕድን የሚጭን ግን ነገሩ ይገለበጥበታል። አንድ ቶን የብረት ማዕድን ግማሽ ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ቢይዝ ነው። መርከቡ ውስጥ ገና ብዙ ባዶ ቦታ እያለ የጭነት መስመሩ ውሃውን ይነካል። ከዚያ በላይ አንድ አካፋ መጨመር አይቻልም። ባዶው ቦታ ምንም ሥራ አልሠራም፤ ግን ይከፈልበታል። በየወደቡ ይከፈልበታል፣ ቦይ በታለፈ ቁጥር ይከፈልበታል።

ታዲያ ያ ቦታ ለምን ተሠራ? ቆርጠን ብንጥለውስ? ትከሻው የተቆረጠው መርከብ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ግን መንገድ የከፈተለትን ሰው እንይ።

ሞገዱን ማሳለፍ

አሌክሳንደር ማክዱጋል በ1845 በስኮትላንዷ አይላ ደሴት ተወለደ። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ካናዳ ተሻገረ፤ ካደገ በኋላ በካናዳና በአሜሪካ መካከል ባሉት ታላላቆቹ ሐይቆች ላይ እየሠራ ካፒቴን ሆነ። በዚያ ዘመን አንድ የእንፋሎት መርከብ ሞተር የሌላቸውን ባርጆች ከኋላው እየጎተተ እህልና ማዕድን ያመላልስ ነበር። የሚጎተተው ባርጅ አስቸጋሪ ነው። ሞገዱ ጎኑን ይመታዋል፣ ነፋሱ ይገፋዋል፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይዋልላል። ማክዱጋል ሞገዱን ከመግታት ማሳለፍ ይሻላል ብሎ አሰበ። ጎኖቹ ተጠማዝዘው ከላይ የሚገናኙ፣ ሁለቱም ጫፎቹ እየሾጠጡ የሚያልቁ የብረት ባርጅ ነደፈ። ውሃው መጥቶ ጀርባው ላይ ይንሸራተትና በሌላው በኩል ይወርዳል። የሚላተመው ግድግዳ አያገኝም።

ባለሀብቶቹ አላመኑትም። የመጀመሪያዋን ባርጅ፣ ቁጥር 101 የተባለችውን፣ በራሱ ገንዘብ ሠርቶ በ1888 ዱሉዝ ሚኒሶታ ላይ ወደ ውሃ አወረዳት። ስትወርድ ባለቤቱ «የመጨረሻዋ ዶላራችን ሄደች» ማለቷ ይነገራል። ባርጇ ግን በደንብ ሠራች። በሚቀጥለው ዓመት ከነዳጅ ቱጃሩ ሮክፌለር ጋር የሚሠሩ የኒውዮርክ ሰዎች ገንዘብ ይዘው መጡና ኩባንያ ተቋቋመ። ሥራው ከወሽመጡ ማዶ ወዳለችው ሱፔሪየር፣ ዊስኮንሲን ተዛወረ። እስከ 1898 ድረስ ባርጁም ሞተር ያለውም ተደምሮ ከ40 በላይ ተሠራ። ስማቸው ዌልባክ ሆነ፤ የዓሣ ነባሪ ጀርባ ማለት ነው። የሐይቁ መርከበኞች ግን የሾጠጠ አፍንጫቸውን አይተው የአሳማ ጀልባ ይሏቸው ነበር።

በ1891 ቻርልስ ዌትሞር የተባለችው ዌልባክ ከሐይቆቹ ስንዴ ጭና ወደ ሊቨርፑል አቀናች። በመንገዷ ላይ ያለው የቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ እየተንደረደረ የሚወርድባቸው ኃይለኛ ቦታዎች አሉት። መርከቦች እነሱን የሚያልፉባቸው ቦዮች ደግሞ ለእሷ ርዝመት አይበቁም። ስለዚህ ወንዙን ራሱን ይዛ ቁልቁል ወረደች። በዚያ መንገድ ተመልሶ መውጣት አይቻልም፤ ይሄን እያወቁ ነው የለቀቋት። አትላንቲክን አቋርጣ ሊቨርፑል በሰላም ገባች። በኋላ የመርከብ መሥሪያ ዕቃ ጭና ደቡብ አሜሪካን ዞራ ፓሲፊክ ደረሰች። በ1892 ኦሪገን ጠረፍ ላይ መሬት ይዟት ቀረች።

ለመንገደኛ የተሠራችው ዌልባክ አንዷ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ናት። 110 ሜትር ርዝመት ነበራት፤ ለ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ጎብኚዎችን አመላልሳለች። የጭነት መርከብ ስላልሆነች እዚህ አንቆይባትም።

የዌልባክ ጣጣዋ ያለው የመጫኛ አፏ ላይ ነው። ጀርባዋ ክብ ስለሆነ አፎቹ ትንንሽ ናቸው። በተራ መርከብ ላይ የመጫኛው አፍ ዙሪያውን ከፍ ያለ የብረት ግድግዳ አለው። እሷ ግን የላትም፤ ክዳኑ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ በብሎን የሚታሰር ብረት ነው። ማዕድኑ በትልቅ ባልዲ ሲወጣ ባልዲው እየተወዛወዘ ጠርዙን ይመታዋል። ጠርዙ ይጎብጣል። የጎበጠ ጠርዝ ላይ ክዳኑ አይገጥምም፤ ውሃ ያስገባል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ማሰርም ጊዜ ይፈጃል። አየሩ ጥሩ ሲሆን መርከበኞቹ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ሊዘጉት ይተዉታል።

በጁን 1902 ቶማስ ዊልሰን የተባለችው ዌልባክ ማዕድን ጭና ከዱሉዝ ስትወጣ ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር፤ አፎቿ አልተዘጉም። ጆርጅ ሃድሊ የተባለ የእንጨት መርከብ መጥቶ ጎኗን መታት። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰመጠች። ከ20 ሠራተኞቿ 9ኙ ሞቱ።

ዌልባክን ከገበያ ያስወጣት ግን አደጋው አይደለም። በ1899 ሁሌት የሚባል ግዙፍ ማዕድን ማውረጃ ማሽን ወደቦቹ ላይ መተከል ጀመረ። ማሽኑ በአንድ ዝግን ብዙ ቶን ያነሳል፤ እንዲገባ ግን ሰፊ አፍ ይፈልጋል። የዌልባክ ጠባብ አፍ አይሆነውም። አዳዲሶቹ መርከቦች ቀጥ ባለ ጎንና በሰፊ አፍ ተሠሩ፣ ርዝመታቸውም በእጥፍ ያህል አደገ። ክብ ጀርባን እስከዚያ ማሳደግ አልተቻለም።

ሰንደርላንድ የሠራችው

በሰሜን እንግሊዝ፣ ሰንደርላንድ ከተማ ውስጥ ዊልያም ዶክስፎርድና ልጆቹ የሚባል የመርከብ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በዌልባክ ጉዳይ ከልቡ ገብቶበት ነበር፤ በ1893 ሳጋሞር የምትባል አንዲት ዌልባክ ራሱ ሠርቷል። ግን የራሱንም መንገድ ይዞ ነበር። ዋና ነዳፊው አርተር ሃቨርስ የሐይቁን ሐሳብ ወስዶ ለውቅያኖስ የሚሆን ሌላ ቅርጽ አወጣ። የመጀመሪያዋ መርከብ በ1892 ውሃ ላይ ወረደች። ስሟም ተሬት ተባለ፤ ትንሽ ግንብ ማለት ነው። ከእሷ በኋላ የዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ቅርጹን ከታች ጀምረን እንየው። ከውሃው በታች ተሬት እንደማንኛውም የጭነት መርከብ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆድ አላት። ጎኗ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከውሃው ጥቂት ከፍ ሲል በክብ መስመር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ጠባብ መራመጃ ይሆናል። ይሄ የወደብ ዴክ ይባላል (ዴክ ማለት የመርከብ የላይኛው ወለል ነው)፤ ሰው የሚቆምበት ወደብ ሲታሰሩ ነው። ባሕር ላይ ሞገዱ እየታጠበበት ያልፋል። ከመራመጃው ውስጠኛ ጫፍ ላይ ብረቱ እንደገና በክብ መስመር ወደ ላይ ይዞራል፤ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ረጅም ጠባብ ግንብ ይፈጥራል። ስፋቱ የመርከቡን ስፋት ግማሽ ያህላል። የመጫኛ አፎቹም፣ የካፒቴኑ ድልድይም፣ የመርከበኞቹ መተላለፊያም ያለው የዚህ ግንብ አናት ላይ ነው። ግንቡ ውስጡ ባዶ ነው። ከታች ካለው የጭነት ክፍል ጋር አንድ ቦታ ነው።

የተቆረጠው ትከሻ እንግዲህ ያ ከባድ ጭነት የማይሞላው፣ ግን የሚከፈልበት ማዕዘን ነው። መርከቧ መሸከም የምትችለው ክብደት ሳይቀንስ በመዝገብ የሚለካው ቦታ ቀነሰ። ክፍያውም አብሮ ቀነሰ። ስዊዝን በዓመት ደጋግሞ ለሚያልፍ ኩባንያ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የስኮትላንዱ ክላን ላይን ኩባንያ 30 ተሬቶች ገዛ። መስመሩ በስዊዝ፣ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ አድርጎ ወደ ህንድ ነበር። በዚያ ዘመን ምጽዋ ወይም አሰብ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ የነበረ ዓሣ አጥማጅ እነዚህን ትከሻ የለሽ መርከቦች ከሩቅ ሲያልፉ ለማየት ዕድል ነበረው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የእህሉ ነገር ነው።

እህል አደገኛ ጭነት ነው። ጆንያ ውስጥ ጤፍ ሞልተን ስንነቀንቀው ዝቅ ይላል፤ ላዩ ላይ ባዶ ቦታ ይወጣል። መርከብ ውስጥም እንደዚያው ነው። ጭነቱ ክፍሉን ጢም አድርጎ ሞልቶት ቢነሳ እንኳ፣ ሞገዱ ለሳምንታት ሲነቀንቀው ይጠቀጠቃል። ከዴኩ ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ከዚያ መርከቡ አንድ ቀን በኃይል ሲያዘነብል እህሉ እንደ ውሃ ወደዚያ ጎን ይፈሳል። ውሃ ይመለሳል፤ እህል ግን አይመለስም። መርከቡ አዘንብሎ ይቀራል። የሚቀጥለው ሞገድ ይጨምርበታል። በዚህ መንገድ የጠፉ መርከቦች ብዙ ናቸው። ለመከላከል ሲባል በጭነት ክፍሉ መሐል የጣውላ ግድግዳ ይቆማል፤ ሠራተኞች አካፋ ይዘው ወደ ማዕዘኖቹ እህል ይገፋሉ። ጊዜም ገንዘብም ይበላል፤ አቧራው ደግሞ ሳንባ ይዘጋል።

በተሬት ውስጥ የግንቡ እህል ከላይ ሆኖ ይጠብቃል። የታችኛው እህል ሲጠቀጠቅ የላይኛው በራሱ ክብደት ወርዶ ቦታውን ይሞላል። የታችኛው ሰፊ ክፍል ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ባዶው ቦታ የሚፈጠረው ጠባቡ ግንብ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ እህሉ ቢንሸራተትም ከመሐል ብዙ ስለማይርቅ መርከቡን የማዘንበል ጉልበቱ ትንሽ ነው። አካፋም አያስፈልግም፤ ትከሻው ክብ ስለሆነ እህሉ ራሱ ይሞላዋል። አንድ ቅርጽ ቀረጥም ቀንሶ፣ የሰው ድካምም አቅልሎ፣ ሕይወትም ጠብቆ ማየት ደስ ይላል።

ጥንካሬም ነበራት። ረጅም መርከብ ማዕበል መሐሏን ሲያነሳት ሁለቱ ጫፎቿ ይንጠለጠላሉ፤ ላይኛው ብረት ይወጠራል። ማዕበሉ ጫፎቿን ሲያነሳ ደግሞ መሐሏ ይረግባል። መርከብ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ እየተጣመመች ትኖራለች። ይሄን የሚቋቋመው ቁመት ነው። ግንቡ መሐል ላይ ቁመት ስለጨመረላት፣ ተሬት ባነሰ ብረት የሚፈለገውን ጥንካሬ አገኘች።

ሐሳቡ ተወዳዳሪም አፈራ። በስቶክተን የሚገኘው የሮፕነር ፋብሪካ ትራንክ የሚባል ተመሳሳይ መርከብ አወጣ። እሱም መሐሉ ላይ ግንብ አለው፤ ልዩነቱ ማዕዘኖቹ ክብ ሳይሆኑ ስለታም መሆናቸው ነው።

በዚያው በ1892 ሌላ ዓይነት መርከብም በቦይ ሕግ ተቀርጾ ወጥቷል። ሙሬክስ ትባላለች፤ የለንደኑ ነጋዴ ማርከስ ሳሙኤል የሩሲያን ነጭ ጋዝ ከጥቁር ባሕሯ ወደብ ከባቱም ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሊሸጥ ያሠራት የነዳጅ መርከብ ናት። የስዊዝ ኩባንያ እስከዚያ ድረስ ነዳጅ በጅምላ የጫነ መርከብ ቦዩ ውስጥ አያስገባም ነበር። እሳትና ፍሳሽ ይፈራል። ሙሬክስ ሁለቱን ፍርሃቶች እንድትመልስ ሆና ተነደፈች። ነዳጁ በብዙ ክፍሎች ተከፋፈለ። ክፍሎቹ አናት ላይ ነዳጁ ሙቀት ሲያገኘው የሚያብጥበት ጠባብ ቦታ ተተወ። ይሄም የተሬትን ግንብ ሥራ ይሠራል፤ ታች ያለው ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ እንዳይዋልል ያደርጋል። በኦገስት 1892 ስዊዝን አለፈች። ሼል የሚባለው ኩባንያ መነሻ ከዚያ ንግድ ነው።

ማዘንበል ሲመጣ

የተሬት ደካማ ጎን ያለው ጥቅሟ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ማንኛውም መርከብ ሲያዘነብል የሚመልሰው ያዘነበለበት ጎን ውሃ ውስጥ እየገባ መልሶ ወደ ላይ መገፋቱ ነው። ጎኑ ቀጥ ብሎ ረጅም ከሆነ፣ ሲያዘነብል ተጨማሪ ጎን ይገባል፣ የሚመልሰው ኃይልም ይጨምራል። ተሬት ግን ጎኗ አጭር ነው። ትንሽ ስታዘነብል ልክ እንደሌላው ናት። የወደብ ዴኳ ጠርዝ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የሚጨመር ጎን የላትም፤ ትከሻዋ ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ ውሃውን የሚያገኘው መሐል ያለው ጠባብ ግንብ ነው። እሱ ደግሞ ለመመለስ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ግንቡ ውስጥ ያለው ጭነት ከፍ ብሎ መቀመጡም አይረዳትም። ስለዚህ ተሬት በአጫጫን ላይ ስህተት አትምርም።

በጃንዋሪ 31፣ 1909 ክላን ራናልድ የተባለችው ተሬት ስንዴና ዱቄት ጭና ከደቡብ አውስትራሊያው ፖርት አደሌድ ወጣች። በዚያው ዕለት በኃይል አዘነበለችና መመለስ አቃታት። ሌሊቱን ዮርክ ልሳነ ምድር አጠገብ ተገልብጣ ሰመጠች። ከ64 ሰዎች 40ዎቹ ሞቱ። አብዛኞቹ ሟቾች ከእስያ የተቀጠሩ መርከበኞች ነበሩ፤ አስከሬናቸው የተቀበረው ኢዲዝበርግ በምትባል ትንሽ የጠረፍ ከተማ ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ መዝገብ ቶንም ሆነ ስለ ስዊዝ ሒሳብ የተጠየቁት ነገር አልነበረም። ስለ መርከብ ንድፍ ስናወራ እነሱን መዝለል ትክክል አይመስለኝም።

ተሬት ግን በዚህ አደጋ አልቆመችም። ያቆሟት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1908 ጆሴፍ ኢሸርዉድ የሚባል እንግሊዛዊ የመርከቡን አጽም ከጎን ወደ ጎን በማድረግ ፋንታ ከፊት ወደ ኋላ የሚዘረጋበትን አሠራር አስተዋወቀ። ተራ ቅርጽ ያለው መርከብም ባነሰ ብረት ጠንካራ መሆን ቻለ። በ1911 ደግሞ የስዊዝ የአለካክ ደንብ ተለወጠና የተቆረጠው ትከሻ ክፍያ መቀነሱ ቀረ። የመጨረሻዋ ተሬት የተሠራችውም በዚያው ዓመት ነው። በ19 ዓመት ውስጥ 180 ገደማ ተሠርተዋል፤ ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም የዶክስፎርድ ሥራ ናቸው።

ዛሬ የሚንሳፈፍ ተሬት የለም። ከዌልባኮቹ ግን አንዷ ተርፋለች። በ1896 ፍራንክ ሮክፌለር ተብላ የተሠራችው መርከብ ማዕድን፣ አሸዋ፣ መኪና፣ በመጨረሻም ሜቴዎር በሚል አዲስ ስም ነዳጅ ጭናለች። እስከ 1969 ሠርታለች። አሁን በተሠራችበት ከተማ፣ በሱፔሪየር ዊስኮንሲን፣ ሙዚየም ናት። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምትኖሩ ወገኖች በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚወስድባችሁ፤ ክፍት የምትሆነው በሞቃቱ ወራት ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ነዳጅ እንድትጭን ስትለወጥ የላይኛው ክፍሏ ብዙ ተነካክቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ፊት ለፊቷ ዞራችሁ አፍንጫዋን፣ ከዚያ የጎኗን ብረት አጠማዘዝ ተመልከቱ። ማክዱጋል ያሰበው እዚያ ላይ አሁንም በግልጽ ይታያል።